ስለ አስተናግር፤ አንደበትን ፈትቶ ልቡናን ስለሚዘጋው ዕፅ

ለምግብ የሚሆን ዕፅ አለ፤ ለመድኃኒት የሚሆን ዕፅ አለ፤ ለጥፋት የሚሆንም አለ። በኢትዮጵያ ምድር በየቤቱ ጓሮና በየመንገዱ ዳር ሳይዘሩት የሚበቅለው አስተናግር ግን መድኃኒትም መርዝም ተብሎ ባንድነት የሚጠራ ነው። ገበሬው አረም ነው ብሎ ይነቅለዋል፤ ባለመድኃኒቱ ለጥርስ ሕመምና ለቍስል ይፈልገዋል፤ የአብነት ተማሪ ደግሞ ልቡናን ይከፍታል ሲባል ሰምቶ በስውር ይመኘዋል። ሐኪሙ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ዕፁን ሳይሆን በዕፁ ተመርዞ አእምሮውን የሳተውን ሰው ነው።

በአንድ ዕፅ ላይ ይህን ያህል የተለያየ አሳብ መኖሩ አደጋ አለው። የሚያደንቀው ሰው ጕዳቱን አይጠይቅም፤ የማያውቀው ሰውም ልጁ በፍሬው ሲጫወት አይከለክለውም። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የዕፁ ስም፣ መልኩ፣ የቆየ አገልግሎቱና ጕዳቱ በየተራው ይገለጻል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን «አብሾ» እየተባለ ለትምህርት ይረዳል የሚባለው ነገር እውነት መሆኑና አለመሆኑ ይመረመራል።

ሀ. ስለ ስሙ

አስተናግር የሚለው ስም «ነገረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ሰዋስው የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግስ በአምስቱ አዕማድ ሲረባ «ነገረ» አድራጊ፣ «ተናገረ» ተደራራጊ፣ «አስተናገረ» አደራራጊ ይሆናል። «አስተናገረ» ማለትም አንዱ ከሌላው ጋር እንዲነጋገር አደረገ ማለት ነው። በትግርኛም «መስተናግር» የሚባልበት ቦታ አለ፤ ይህም «መስተፋቅር» እንደሚለው ቃል «መስተ» በሚለው ባዕድ መነሻ የተሠራ ስም ነው።

ስሙ ከዕፁ ሥራ ጋር ፈጽሞ የተስማማ ነው። አስተናግር የበላ ሰው ዝም ብሎ አይተኛም፤ በአጠገቡ ማንም ሳይኖር ከሩቅ ዘመዱ ወይም ከሞተ ወዳጁ ጋር ይነጋገራል፤ ይጠይቃል፤ ይመልሳል፤ ይሥቃል፤ ይቈጣል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሁለተኛው ተነጋጋሪ የማይታይ መሆኑን በሚገባ አስተውለዋል። ሊታወስ የሚገባው ግን ስሙ ያነጋግራል አለ እንጂ ያስተምራል ወይም ያስታውሳል አለማለቱ ነው።

ሁለተኛው ስሙ ዕፀ ፋሪስ ነው፤ በሕዝብ አነጋገር አጤ ፋሪስ ይባላል። «አጤ» የሚለው ድምፅ የንጉሥ ማዕርግ የሆነውን «ዐፄ» ይመስላል፤ ነገር ግን ፀሐይን «ጠሐይ» የሚል አንደበት «ዕፀ»ን ወደ «አጤ» የለወጠው ይመስላል። ይህ ስም በዘመናችን ንግግርና ጽሑፍ ካናቢስ ለሚባለው አደንዛዥ ዕፅም ሲሰጥ ይገኛል። ሁለቱ ግን በዘርም በመልክም በመርዝም የማይገናኙ ልዩ ልዩ ዕፅዋት ናቸው። አንድ ስም ለሁለት ዕፅ መሰጠቱ ምን ዓይነት ስሕተት ሊያመጣ እንደሚችል በኋላ ይታያል።

በሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ይባላል። ይህን ስም በ 1753 በመጽሐፍ ያጸናው የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔዎስ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ዳቱራ» የሚለው ቃል ከሕንድ ቋንቋ የመጣ ነው። ዕፁ ራሱ ግን የፋርስም የሕንድም ተወላጅ ሳይሆን የአሜሪካ ተወላጅ እንደሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ዛሬ በዓለም ሁሉ ተበትኖ ይገኛል። የርሱ ወገን የሆነውን የእስያውን ዳቱራ ግን በ 1037 ያረፈው ሐኪም ኢብን ሲና አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ለ. ስለ መልኩና ስለሚበቅልበት ቦታ

አስተናግር በአንድ ዓመት በቅሎ፣ አብቦ፣ አፍርቶ የሚደርቅ ዕፅ ነው። ቁመቱ ከጕልበት እስከ ደረት ይደርሳል፤ መሬቱ የሰባ እንደሆነ ከዚያም ያልፋል። ግንዱ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ ወደ ሁለት እየተከፈለ ይዘረጋል። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ያልተስተካከለ ጥርስ ያለው ነው፤ በእጅ ሲታሽ የሚያስጠላ ሽታ ይሰጣል። አበባው እንደ መለከት ረዥም ሆኖ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ መልክ አለው፤ ወደ ማታም ይከፈታል።

ከሌላው ዕፅ ሁሉ የሚለይበት ዋና ምልክት ፍሬው ነው። ፍሬው የዶሮ እንቍላል ያህል ሆኖ ዙሪያውን በእሾህ የተሸፈነ ነው። ሲደርቅ አራት ላይ ይሰነጠቃል፤ በውስጡም እንደ ኵላሊት ቅርጽ ያላቸው፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቍር ወይም ጥቍር ቡና የመሰሉ ብዙ ጥቃቅን ዘሮች ይገኛሉ። ከአንድ ፍሬ የሚወጣው ዘር በመቶ የሚቈጠር ነው። ዘሩ በመሬት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ቆይቶ አፈሩ ሲገለበጥ ይበቅላል፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ቸል የተባለ አስተናግር የብዙ ዓመት አረም ይሆናል።

የሚወደው ቦታ ሰው የኖረበትና ከብት ያደረበት ነው። በፈረሰ ቤት፣ በአመድ መድፊያ፣ በበረት ዙሪያ፣ በገበያ ዳር፣ በማሽላና በበቆሎ ማሳ ውስጥ ይበቅላል። ተሳላሚዎች በሚያድሩበት ሜዳና ተማሪዎች ጎጆ በሚቀልሱበት ጥግ መታየቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ከብት በሽታው ምክንያት እርጥቡን ብዙ ጊዜ ይሸሸዋል፤ ከድርቆሽ ጋር ተቀላቅሎ የቀረበለት እንደሆነ ግን ሳይለይ ይበላውና ይጎዳል።

ሐ. ስለ ቆየ አገልግሎቱ

በባህል ሕክምና አስተናግር በብዙ መንገድ ሲሠራበት ኖሯል። ቅጠሉ ተወቅጦ በቍስልና በእባጭ ላይ ይደረጋል፤ ለፎረፎርና ለጆሮ ደግፍም ይቀባል። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ግን የጥርስ ሕክምናው ነው፤ ዘሩ በፍም ላይ ተደርጎ ሕመምተኛው ጢሱን በአፉ ይቀበላል፤ ይህም የጥርሱን ትል ያወጣል ይባላል።

የጥርስ መበስበስ ግን በትል የሚመጣ አይደለም፤ በዐይን በማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያንና በጣፋጭ ምግብ ቅሪት የሚመጣ ነው። በጢሱ ጊዜ ሕመሙ ጋብ ቢል እንኳ የተበሳው ጥርስ አይድንም፤ ጢሱም ሳንባ ገብቶ በደም ውስጥ ይሰራጫል። የተወቀጠው ቅጠልም በተላጠ ቆዳ ላይ የተደረገ እንደሆነ መርዙ ወደ ሰውነት ይገባል፤ በተለይም ሕፃናት ራሳቸውን ሲቀቡ ይጎዳሉ።

ዕፁ ፈጽሞ ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። በ 1802 የአስም ሕመምተኞች የዳቱራን ጢስ የሚስቡበት ልማድ ከሕንድ ወደ እንግሊዝ አገር ገብቶ፣ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ከዚህ ዕፅ የተሠራ ሲጋራ ለአስም ይሸጥ ነበር። በአስተናግር ውስጥ ከሚገኙት መርዞች አንዱ አትሮፒን ዛሬም በሐኪም ቤት ይገኛል። የዐይን ሐኪም ብሌንን ለማስፋት በጠብታ ይጠቀምበታል፤ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የጠጣ ሰው ሲመጣም ሐኪሞች ነፍሱን የሚያተርፉት በአትሮፒን መርፌ ነው። ሁለተኛው ስኮፖላሚን በመርከብና በመኪና የሚያጥወለውለውን ሰው ይረዳል።

እንግዲህ በሐኪሙ እጅ መድኃኒት የሆነው በተማሪው እጅ መርዝ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ልዩነቱ በመጠን ነው። ፋብሪካ የሚያወጣው አትሮፒን ተመዝኖ የሚሰጥ ነው። በዕፁ ውስጥ ያለው ግን እንደ አፈሩ፣ እንደ ዝናቡ፣ እንደ ዕድሜው፣ እንደ ዘሩና እንደ ቅጠሉ ከአንዱ ዕፅ ወደ ሌላው እጅግ ይለያያል። አምና በጥቂቱ ቀምሶ የዳነ ሰው ዘንድሮ ያንኑ ያህል ወስዶ ሊሞት ይችላል። ባለመድኃኒቱ የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን ይህን በዐይን አይቶ ወይም በጣት ቈንጥሮ ሊያውቀው አይችልም።

መ. ስለ አብሾ

አብሾ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ከአስተናግር ተዘጋጅቶ በተማሪዎች የሚወሰደው ነገር ራሱ ነው፤ ሁለተኛው በወሰደው ሰው ላይ ይታያል የሚባለው የመቈጣት፣ የመድፈርና የመለፍለፍ ጠባይ ነው። በኋላ ዘመን ያ ሰው ጠላ ወይም አረቄ ጠጥቶ ሲያውክ «አብሾው ተነሣበት» ይባላል።

በአብነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ የሚነገረው ነገር እንዲህ ነው፤ አብሾ የወሰደ ተማሪ የሰማውን አይረሳም፤ ሌላው በዓመት የሚያጠናውን እርሱ በወር ይፈጽማል፤ ቅኔውም እንደ ውሃ ይፈስለታል። ይህን ነገር የሚሰማው ተማሪ የሚገኝበትን ሁኔታ ላሰበ ሰው ፈተናው ቀላል አይደለም። ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ እየተከላከለ በየደጁ ለምኖ ይማራል። ቅኔ ቤት የገባ እንደሆነ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ድረስ ማንም ያላለውን አዲስ ቅኔ እየቈጠረ በመምህሩ ፊት መቆም አለበት። አብሮት የመጣው ጓደኛው ሲያልፈውና እርሱ በአንድ ቦታ ሲቀር፣ ሌሊቱን ሙሉ ቈጥሮ ጧት ሲጠፋበት፣ «አንድ ቀን ብትወስድ ይገለጥልሃል» የሚለው ቃል በልቡ ያድራል። አብሾን የሚወስደው ሰነፍ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ትምህርቱን አብዝቶ የሚወደው ነው።

በአብሾ ምክንያት አእምሮው ተነክቶ የቀረ ተማሪ ወሬም በዚያው አካባቢ ይነገራል። ያም ሲሆን ጥፋቱ በዕፁ ላይ አይደረግም፤ «መጠኑን ስላላወቀ ነው»፣ «ደሙ ስላልተስማማው ነው»፣ ወይም «ጋኔን ስላገኘው ነው» ይባላል። ስለዚህ ዕፁ በተሳካ ጊዜ ምስጋናውን ይወስዳል፤ ባልተሳካ ጊዜ ግን ወቀሳው በተማሪው ላይ ይወድቃል።

ሠ. መርዙ በሰውነት ስለሚሠራው ሥራ

በሰው ሰውነት ውስጥ የነርቭ ሥሮች እርስ በርሳቸውና ከልዩ ልዩ ሕዋሳት ጋር የሚነጋገሩት በመልእክተኛ ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ይህ መልእክተኛ ምራቅ እንዲፈስ፣ የዐይን ብሌን እንዲጠብ፣ የልብ ምት እንዲረጋ፣ አንጀት እንዲንቀሳቀስ፣ ሽንት እንዲወጣ ያዝዛል። በአንጎል ውስጥ ደግሞ አዲስ የሰሙት ነገር በልብ እንዲቀረጽ የሚረዳው እርሱ ነው። መልእክተኛው የሚገባበት በር አለ፤ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ያን በር እንደማይከፍት ቍልፍ ገብተው ይዘጉታል። መልእክቱ ይላካል፤ የሚቀበለው ግን የለም።

አስተናግር የበላ ሰው ላይ የሚታየው ምልክት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ አፉና ጕሮሮው ይደርቃል፤ ውሃ እያማረው መዋጥ ይቸግረዋል። ፊቱ ይቀላል፤ ላብ ስለማይወጣው ሰውነቱ እንደ እሳት ይግላል። ብሌኑ ሰፍቶ ብርሃን ያስጨንቀዋል፤ ፊደል ማንበብም ያቅተዋል። ልቡ ይመታል፤ ሽንቱ ይታገድበታል። ከዚያ በኋላ አእምሮው ይናወጣል፤ የሌለውን ያያል፤ በአየር ላይ ክር የሚለቅም ይመስል ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ልብሱን ይጥላል፤ ወደ ገደል ወይም ወደ ወንዝ ቢሄድ አይታወቀውም። መርዙ የበዛበት እንደሆነ ያንቀጠቅጠዋል፤ ራሱን ስቶም ሊሞት ይችላል። አንጀቱ ስለሚዘገይ በሆዱ የቀረው ዘር ቀስ እያለ መርዙን ይሰጣል፤ ስለዚህ ሕመሙ አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። ብሌኑ ወደ ቦታው እስኪመለስም ቀናት ያልፋሉ።

ረ. ልቡናን ይከፍታል ስለ መባሉ

ከላይ እንደተገለጸው የአስተናግር መርዝ የሚዘጋው ትምህርት በልብ የሚቀረጽበትን በር ነው። ይህም ግምት አይደለም፤ በብዙ መንገድ የተረጋገጠ ነው።

በ 1676 በሰሜን አሜሪካ በቨርጂኒያ፣ ጄምስታውን በተባለ ቦታ ወታደሮች የዚህን ዕፅ ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በሉ። በ 1705 የታተመ የዚያ አገር ታሪክ እንደሚናገረው፣ ወታደሮቹ 11 ቀን እንደ ሞኝ ሲሆኑ ቆይተው ወደ አእምሯቸው ሲመለሱ ከሆነው ነገር ሁሉ ምንም አላስታወሱም። በ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ሐኪሞች ለወላድ ሴቶች ስኮፖላሚንን ከሞርፊን ጋር ይሰጡ ነበር፤ ስኮፖላሚኑ የተፈለገበት ምክንያት እናቲቱ የምጡን ጭንቅ እንዳታስታውስ ነው። በ 1974 የወጣ ጥናት ደግሞ ስኮፖላሚን የተሰጣቸው ጤነኛ ወጣቶች አዲስ ነገር ይዘው ማቆየት እንደ ሽማግሌ እንዳስቸገራቸው አሳየ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታን መድኃኒት ለመፈተን ሲፈልጉ አስቀድመው በስኮፖላሚን መርሳትን ያመጣሉ። በእርጅና ለሚመጣው የመርሳት በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኞቹ አሴቲልኮሊንን የሚያበዙ ናቸው፤ ይህም አስተናግር ከሚሠራው ሥራ ጋር ፊት ለፊት የሚቃረን ነው።

እንግዲህ ሰዎች ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ምን አመኑበት? የመጀመሪያው ምክንያት ንግግሩ ነው። ዕፁ እፍረትንና ፍርሃትን አስወግዶ አንደበትን ይፈታል፤ ያለ ማቋረጥ የሚናገር ሰው ደግሞ ለሚሰማው ምሥጢር የተገለጠለት ይመስላል። ሁለተኛው ምክንያት የቍጥር ስሕተት ነው፤ አብሾ ወስዶ ታላቅ ሊቅ የሆነ አንድ ሰው ይነገርለታል፤ ያለ አብሾ ሊቃውንት የሆኑት ብዙዎችና በአብሾ የጠፉት ግን አብረው አይቈጠሩም። ሦስተኛው ምክንያት ተስፋ ነው፤ «አሁን ይገባኛል» ብሎ ያመነ ተማሪ ከዚያ በኋላ እጥፍ ተግቶ ያጠናል፤ የትጋቱን ፍሬም ለዕፁ ይሰጠዋል።

«አብሾው ተነሣበት» ስለሚባለውም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የአስተናግር መርዝ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ አይኖርም፤ በቀናት ውስጥ ይወጣል። በወጣትነቱ አብሾ ወስዷል የሚባል ሰው ከ 10 ዓመት በኋላ ጠጥቶ ቢያውክ የሚያውከው መጠጡ ነው፤ ወይም መታከም የሚገባው የአእምሮ ሕመም አለበት። «አብሾ ነው» ተብሎ የተተወ ሰው ብዙ ጊዜ ሊድን ሲችል የተተወ ሰው ነው።

ሰ. ሳያውቁ ስለሚደርስ ጕዳት

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 4 ስለ ነቢዩ ኤልሳዕ ደቀ መዛሙርት የተጻፈው ታሪክ ለዚህ ነገር ቅርብ ነው። በረኃብ ዘመን ከነርሱ አንዱ ወደ ሜዳ ወጥቶ የማያውቀውን የዱር ፍሬ ለቅሞ በምንቸቱ ውስጥ ከተተ፤ ሊበሉም በቀመሱ ጊዜ ሞት እንዳለበት ዐወቁ። ያ ዕፅ አስተናግር አልነበረም፤ የጥፋቱ መንገድ ግን አንድ ነው።

አስተናግር በማሳ ውስጥ ከእህል ጋር ስለሚበቅል ዘሩ ከአዝመራው ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ ወደ ጎተራ ይገባል። በ 2019 በኡጋንዳ በካራሞጃ አውራጃ ለእርዳታ የታደለ የተመጣጠነ ዱቄት በዳቱራ ተበክሎ ተገኝቶ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመው 5 ሰዎች ሞተዋል። ዱቄቱን የበሉት ሰዎች ዕፁን በዐይናቸው አላዩትም። የመርዙን ኀይል ምግብ ማብሰያ እሳት አያጠፋውም፤ ስለዚህ ዋናው ጥበቃ ከመፈጨቱ በፊት መንፋትና መልቀም ነው። ጠፍጣፋው ጥቍር ዘር በእህል ውስጥ የታየ እንደሆነ በሚገባ ሳይለቀም ወደ ወፍጮ መሄድ የለበትም።

ልጆች በእሾሃሙ ፍሬ ይጫወታሉ፤ ዘሩንም ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ለሕፃን ጥቂቱ ብዙ ነው። ገና የበቀለውን ለጋ ቅጠል ከዱር ጎመን ጋር አሳስቶ መልቀምም ይቻላል። ዕፁን የነቀለ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዐይኑን ቢያሽ ብሌኑ ሰፍቶ ማየት ይቸግረዋል።

ሸ. በስደት አገር ላሉት ስለሚሆነው ጥንቃቄ

በዱባይ ከተማ ኡድ ሜታ በሚባለው ሠፈር የልዩ ልዩ ክርስቲያኖች አብያተ ክርስቲያናት ተቀራርበው ተሠርተው ይገኛሉ፤ ከነርሱም አንዱ የቅድስት ማርያም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ 1967 የተቋቋመ ነው። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን በሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ለዘመድ የደረቀ ቅጠል፣ የታሰረ ዱቄት ወይም የተቋጠረ ዘር «መድኃኒት ነው፤ አድርስልን» ተብሎ ሲላክ ይታያል። በዚህ ነገር ሦስት ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የሕግ ነገር ነው። በአገር ቤት በገበያ የሚሸጠው ጫት እንኳ በኤምሬትስ የተከለከለ ነው፤ ይዞ የተገኘም በወንጀል ይጠየቃል። ምንነቱ ያልታወቀ ዘርና ዱቄት መሸከም፣ በተለይም «ዕፀ ፋሪስ» እንደሚለው ለሁለት ዕፅ በሚነገር ስም የሚጠራ ከሆነ፣ ተሸካሚውን ላላሰበው መከራ ይዳርገዋል።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። በዱባይ ያለ ሐኪም «አስተናግር» ወይም «አብሾ» ቢባል ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «ዳቱራ» ቢባል ግን በዐረብኛም በሌላውም ቋንቋ የሚሰማ ስም ስለሆነ ፈጥኖ ይረዳል። ይህን አንድ ቃል ማወቅ ነፍስ ሊያድን ይችላል።

ሦስተኛው የዕፁ ነገር ነው። በዐረብ ምድርም የዳቱራ ወገኖች ይበቅላሉ፤ አበባቸው ስለሚያምርም በአትክልት ቦታ የሚተከሉ አሉ። በቤት ሥራ ላይ ያለች እኅት የአገሯን ዕፅ አገኘሁ ብላ ለጥርሷ ወይም ለቍስሏ እንዳትቀጥፈው፣ የምትጠብቀውም ሕፃን ወደ አፉ እንዳያደርሰው ያስፈልጋል።

ቀ. ጕዳት በደረሰ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው

አንደኛ፣ በአፉ የቀረውን ማውጣትና አፉን መጥረግ ይገባል፤ በግድ ማስታወክ ግን አይገባም። ሁለተኛ፣ አእምሮው ለተናወጠ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ መጠጥ በአፉ ማፍሰስ አይገባም፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። ሦስተኛ፣ ልብሱን አላልቶ በጥላ ሥር ማሳረፍ፣ ሰውነቱንም በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ይገባል። አራተኛ፣ እንዳይወድቅና እንዳይሮጥ በዝግታ ይዞ መጠበቅ ነው እንጂ መደብደብና በገመድ ማሰር አይገባም፤ መታገሉ ትኵሳቱን ያባብስበታል። አምስተኛ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ የአምቡላንስ ስልክ 907፣ በኤምሬትስ 998 ነው። ስድስተኛ፣ የበላውን ቅጠል፣ ፍሬ ወይም ዱቄት አብሮ ወስዶ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል፤ ሐኪሙ ሕመሙን ከሌላ የሚለየው በዚህ ነው።

አፉ የደረቀ፣ ፊቱ የቀላ፣ ብሌኑ የሰፋና ከማይታይ ሰው ጋር የሚነጋገር ተማሪ በድንገት የታየ እንደሆነ፣ ርኩስ መንፈስ ያዘው ከማለት በፊት ምን በላህ፣ ምን ወሰድህ ብሎ ጓደኞቹን መጠየቅ ይገባል። ጸሎት አይከለከልም፤ የሚያስተዛዝንም የሚያጽናና ነው። ነገር ግን በመርዝ የተያዘ ሰው የሚጠብቀው ሰዓት ስለሌለው ጸሎቱ ወደ ሐኪም ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ሊደረግለት ይችላል። ጓደኞቹም መምህሩን ፈርተው እንዳይደብቁ፣ የተናገረ እንደማይቀጣ አስቀድሞ ቢነገራቸው መልካም ነው።

የቅኔ መምህራን ትምህርትን ያቆዩት በመደጋገም፣ በመቀጸል፣ በሌሊት ትጋትና ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ፊት እየተሳሳተ እየታረመ በመማሩ ነው። የተራበ ተማሪ ትምህርት አልያዝ ቢለው የሚያስፈልገው ምግብ ነው፤ ያልተኛ ተማሪ የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው፤ የዘገየ ተማሪ የሚያስፈልገው የመምህር ትዕግሥት ነው። ገዳማትና ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው የበቀለውን አስተናግር ፍሬው ሳይሰነጠቅ፣ እጅን ሸፍነው ከነሥሩ ቢነቅሉትና ከእንስሳት አርቀው ቢቀብሩት የዘሩን መበተን ይከላከላሉ። ጢሱ መርዝ ስለሆነም በሰው አጠገብ ማቃጠል አይገባም። ለአዲስ ተማሪም ፊደሉንና ዜማውን ከማስጀመር ጋር ይህን ዕፅ አሳይቶ ስሙን ከነትርጓሜው መንገር ከመምህራን የሚጠበቅ ነው።